ሞዴል 22 እስኪፈረም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

አምና ሐምሌ ላይ ለልቅሶ ሸዋ ውስጥ ወዳለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ወርጄ ነበር። አገሩ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ስመለስ ዝናብ ያዘኝና የማዳበሪያ መጋዘኑ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ግቢው በገበሬ ተሞልቷል። አህዮቹ አንገታቸውን ደፍተው በዝናብ ይቀጠቀጣሉ። መጋዘኑ አልበቃ ብሎ የተረፈው ዩሪያ ውጭ ተደርድሯል። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ፣ ሰማንያ ይሆናል። የለበሰው ሸራ መሃሉ ተቀዷል። ጆንያዎቹም ሲራገፉ የተተረተሩ ነበሩ።

ታዲያ ለምን አይታደልም? ሞዴል 22ን፣ ማለትም ንብረት ከመጋዘን የሚወጣበትን ቅጽ፣ የሚፈርመው ሰው ስልጠና ሄዷል። መቼ ይመጣል? ሰኞ። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ዩሪያ ውሃ ሲነካው እንደ ስኳር ነው። ከጆንያዎቹ ሥር ነጭ ጭቃ መውጣት ጀመረ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ወረደ። ሁላችንም እናያለን። አንድ አባት ግን ማየት ብቻ አልሆነላቸውም። ከሌሊቱ ጀምሮ ወረፋ ላይ የነበሩ ናቸው። ጎንበስ ብለው ነጩን በእጃቸው እየዛቁ ፌስታል ውስጥ ይከቱ ጀመር። ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው።

ጥበቃው መጣ። «አባቴ፣ የመንግሥት ንብረት እኮ ነው» አለ። ፌስታሉን ተቀበላቸውና እዚያው ቦዩ ውስጥ ደፋው።

ደፋው! ለእሳቸው ከሚሰጥ፣ ለቦዩ ሰጠው። ሰውየው አንዲት ቃል አልመለሱም። እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉና ወደ አህያቸው ሄዱ። ጥበቃው ክፉ ሰው አይደለም። አነጋገሩም ያው የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ማዳበሪያ ያጣ አዝመራ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ይቅር ልለው ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

እኔስ? ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። ማታ ለጠፍኩት። «ወይ አገሬ» የሚል አስተያየት ጎረፈልኝ። አንድ ጆንያ እንኳ ወደ በረንዳው አላስጠጋሁም።

የሚብሰው ደግሞ የኬሚስትሪ መምህር መሆኔ ነው። ቦዩ ውስጥ የገባው ነገር የት እንደሚደርስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንቴ ጽፌዋለሁ። ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት የዩሪያውን ናይትሮጅን ይቀይሩታል። ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል። አይታይም፣ አያስነጥስም። ግን አንድ ኪሎው በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ምድርን ያሞቃል። የኦዞኑንም ሽፋን ይበላል። በተለመደው ግምት መሬት ላይ ከሚበተነው ናይትሮጅን 1 በመቶው እንዲህ ሆኖ ይሄዳል። ትንሽ ይመስላል። ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ግን ወደ 200 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው። ርጥብ አፈር ላይ ደግሞ ይብሳል።

ይህንኑ ጋዝ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ለአሥርት ዓመታት ወደ ሰማይ ሲለቁት ኖረዋል። ማዳበሪያና ፈንጂ የሚሠራበት ናይትሪክ አሲድ ሲመረት፣ አሞኒያው በፕላቲነም መረብ ላይ ሲቃጠል፣ ጋዙ ሾልኮ ይወጣል። የናይለን ጥሬ ዕቃ የሆነው አዲፒክ አሲድም እንደዚያው። ስለማይታይ ማንም አልጮኸም ነበር። ኋላ ግን ነቁ። ከመረቡ ሥር ሌላ ካታሊስት፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር፣ አነጠፉ፤ ጋዙ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሆኖ ይበተናል፣ ያው የምንተነፍሰው አየር። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በልቀት ንግዱ ሥርዓት ውስጥ አስገባቸው፤ ለለቀቁት እያንዳንዱ ቶን ይጠየቃሉ። የኬሚካል ኢንዱስትሪያቸው የሚለቀው ናይትረስ ኦክሳይድ ከ1990ው ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል።

ጻድቃን ስለሆኑ አይደለም። የሚተነው ነገር ተጠያቂ ስለተገኘለት ነው። «የፈረንጅ ነገር» እንዳትሉኝም። ግብፅ አቡ ቂር ላይ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሳሶል ኩባንያ ፋብሪካዎች ላይ ተሠርቶበታል።

በዓለም ደረጃ ግን ከሰው ሥራ የሚወጣው ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2020 በ40 በመቶ ጨምሯል። ዋናው ምክንያት እርሻ ነው። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይደፈናል። የእኛ ቦይ በምን ይደፈናል?

ገበሬው ዩሪያ ይቀንስ እያልኩ አይደለም። ጭራሽ! ስንዴው ሲያቆጠቁጥ በሰዓቱ ያግኝ፣ ግማሹን አሁን ግማሹን በኋላ ይጨምር፣ ማሳው መደብና ቦይ ይውጣለትና ውሃው ይንጠፍ ነው የምለው። በየስብሰባው «ከዓለም ብክለት ድርሻችን ኢምንት ነው» እንላለን። እውነት ነው። ግን ያ ዩሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ በመኪና ተጭኖ መጥቶ፣ ግቢያችን ውስጥ ነው ያለቀው። ስንዴ ሆኖ ቢተን እንኳ አንድ ነገር ነው። እኛ ሁለቱንም አጣን፤ እህሉንም አየሩንም። ያንን ለማየት ደግሞ ወረፋ ይዘን ቆምን። አንድ ሰው ብቻ ጎንበስ አለ፣ እሱንም ከለከልነው።

«ከለከልነው» ማለቴ ተሳስቼ አይደለም።

ዘንድሮ ደሞዜ ሲገባ መርካቶ ሄጄ ወፍራም ሸራ ገዛሁ። በሚኒባስ ጭኜ ለመጋዘኑ ላክሁላቸው። ትናንት ደውዬ ተዘርግቷል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ትሁት ነው። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ደርሶናል» አለኝ። «የንብረት መቀበያው ሞዴል 19 ስላልተቆረጠለት ግን ገና አላወጣነውም።»

ሰኞ ደግሞ እደውላለሁ።