ለየጎፍ ጫካ ዜሮ የጻፍንለት እኛው ነን

ወሎዬዎች ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ብትቀየሙኝም እሺ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የጎፍ ጫካ በብር ሲተመን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማጥናት መጠይቅ የያዙ ልጆች ሰፈር ሲመጡ ምን እንደምንላቸው አይቻለሁ። "ይሄ ጫካ እንዲጠበቅ በዓመት ስንት ብር ታዋጣላችሁ፣ ወይ ስንት ቀን በጉልበት ትሰራላችሁ" ሲሉን ግማሻችን መዋጮ ሊጭኑብን ነው ብለን ምንም የለንም እንላለን፣ ግማሻችን ደሞ ፕሮጀክት ይመጣ ይሆናል ብለን ያልሆነውን እናጋንናለን፣ ስንት ከብት አለህ ሲባል ሴፍቲኔት እንዳይቀር ሁለቱን አንድ እናደርጋለን። ልጆቹ ያልናቸውን ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። ያ ወረቀት ተደምሮ ወረዳ ሲደርስ ጫካው ረብ የለሽ ሆኖ ይወጣል፣ ነገ ቦታው ለሌላ ነገር ሲፈለግ የሚከራከርለት ቁጥር አይኖርም። ያኔ ባለስልጣን ለመውቀስ እኛን የሚቀድም የለም!

የጫካውን ዋጋ ለማወቅ ሌላም መለኪያ አለ እኮ። ምንጩ ቢደርቅ ያንኑ ውሃ በሌላ መንገድ ለማምጣት ስንት ይወጣል ብሎ መቁጠር። የቦቴው፣ የጀሪካኑ፣ የአህያው፣ ከሁሉም በላይ የሴቶቻችን ሰዓት፣ እሱን ማን ቆጥሮት ያውቃል? ኒውዮርክ ከተማ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ይሄን አስልታ ነው የዳነችው፣ የውሃ ማጣሪያ ልስራ ብትል ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር ይፈጅ ነበር፣ ውሃው የሚመነጭበትን ተራራና የገበሬውን መሬት መንከባከቡ ግን 1.5 ቢሊዮን ገደማ ነበር፣ እና ተራራውን መረጠች። ተራራውን ስለወደደችው ብቻ አይደለም፣ ሒሳቡ ጠረጴዛ ላይ ስለነበረ ነው። በፈረንጆቹ 2021 ደሞ የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን አገሮች ደናቸውን ውሃቸውን ከኢኮኖሚያቸው ጋር የሚመዘግቡበትን የሒሳብ ስርዓት አጽድቋል፣ ማለትም መንገዱ አለ፣ እኛ ነን ባዶ ቅጽ የምንመልሰው። (ባለሙያ የሆናችሁ ልጆቻችንም ተጠንቀቁ፣ ውሃውን ቆጥራችሁ በዛው ውሃ የበቀለውን ቲማቲም ደግማችሁ ብትደምሩ አንዱን ሁለቴ ቆጠራችሁ ማለት ነው፣ እንዲህ ያለ ቁጥር አንዴ ከተያዘ ትክክለኛውንም የሚያምን አይገኝም።)

"የፈጣሪን ስራ በብር መተመን ነውር ነው" የምትሉ አባቶችና እናቶች አላችሁ፣ ቃላችሁን አከብራለሁ። የሐይቅ እስጢፋኖስን ጸሎት፣ ዋርካ ስር የሚደረገውን ዱዓ በብር ተምኑ ያለ የለም፣ እሱ ዋጋ የማይወጣለት ተብሎ ለብቻው ይጻፍ። ግን እኮ እኛ ተምነን ጨርሰናል! አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገበያ ላይ ስንት እንደሚሸጥ የማያውቅ አለ? ጫካውን የሸጥንበት ዋጋ እሱ ነው። ጥላው፣ ንቡ፣ ጎርፍ መያዙ፣ ከስር የሚፈልቀው ውሃ በምርቃት ሄደ።

ቦርከናስ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሆነን የጣልነው ቆሻሻ ወደ ከሚሴ ቁልቁል ሲወርድ የታች ሰው ከብቱን ያጠጣበታል፣ አትክልቱን ያለማበታል። የሱ የክሊኒክ ወጪ የኛ እዳ ነው፣ ደብተር ላይ ስላልሰፈረ የተከፈለ መሰለን።

በ1977 የሆነውን ለወሎ ሰው የሚነግር የለም፣ ስለዚህ አላወራውም። ግን በሴፍቲኔት ስራ እርከን የሰራችሁ፣ ተራራ ከልላችሁ ሳሩን አጭዳችሁ የተሸከማችሁ እናንተ ናችሁ፣ ከስሩ ምንጭ ሲመለስም ያያችሁት እናንተ። እሱን ንገሯቸው እንጂ! ድሮ ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ትሄዱ ነበር አሁንስ፣ ስንት ሸክም ሳር ወጣ፣ ስንት ቀፎ ተሰቀለ፣ ከብታችሁም ስንት እንደሆነ በእውነት ተናገሩ። ልጆቹ ሲጨርሱም ዝም ብላችሁ አትሸኟቸው፣ ውጤቱ ቀበሌ ስብሰባ ላይ በአማርኛ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፣ የናንተ ጀሪካን እዛ ውስጥ መቆጠር አለመቆጠሩን በጆሯችሁ ስሙ።