ደመወዙን ራሱ የሚያመጣ ደንብ አስከባሪ

ባለፈው ሳምንት የከተማችን ምክር ቤት 18 አዳዲስ ደንብ አስከባሪዎች በኮንትራት እንዲቀጠሩ አጸደቀ። በሙሉ ድምፅ። ከተማ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከመናኸሪያው እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት የማይፈጅባት፣ አንድ አስፋልትና በሳምንት ሁለት የገበያ ቀን ያላት ናት። ስሟን ያልጠራሁት ፈርቼ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ፈርቼም ነው)። እንዲህ ያለች ከተማ በየወረዳው ስላለች አንባቢ የራሱን ከተማ ስም ቢያስገባባት ብዙ አይሳሳትም።

ቅጥሩን እንኳ ሰምቼ ባለፍኩት ነበር። ያንገበገበኝ የከንቲባው መልስ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በጀቱ ከየት ነው?» ቢላቸው፣ «እነሱ በጀት አያስቸግሩም፤ ደመወዛቸውን ራሳቸው ይሸፍናሉ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ያጨበጨበም ነበር። ጠያቂውም ተቀመጠ።

ምኑ ነው የሚያስቀው? ደንብ አስከባሪ ጤፍ አይዘራ፣ ላም አያልብ፣ ሱቅ አይከፍት። ያለው ማሳ አንድ ነው፣ እሱም ቅጣት። ይህ ማሳ ደግሞ የሚያፈራው ሰው ሲያጠፋ ብቻ ነው። ከተማው ሁሉ አደብ ገዝቶ ደንብ ያከበረ ዕለት 18ቱም ጦማቸውን ያድራሉ። እንግዲህ ሰው ደንብ እንዲያከብር ከልቡ የሚመኝ ማን ሊሆን ነው?

ሒሳቡን ከንቲባው ስላልሠሩት እኔ ልሥራላቸው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ለ18 ሰው በወር 108,000፣ በዓመት 1,296,000 ብር ይሆናል። ጡረታውን፣ ዩኒፎርሙን፣ ጫማውንና ዱላውን አልቆጠርኩም። ከተማችን መንገድ ዳር ሲነግድ ያገኘችውን ሰው የምትቀጣው 500 ብር ነው። ስለዚህ በወር 216 ሰው መቀጣት አለበት። የገበያ ቀናችን ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፤ ወሩ ቢበዛ ዘጠኝ ገበያ ቢኖረው ነው። 216 ለዘጠኝ ሲካፈል 24።

በየገበያው 24 ሰው ማጥፋት አለበት ማለት ነው። ካላጠፋ ደመወዝ የለም። ሃያ ብቻ የተገኘ ቅዳሜስ? የቀሩት አራቱ ይፈለጋሉ። ከጠፉም ይፈጠራሉ፤ ሸራዋ ከመስመሩ አንድ ስንዝር የወጣችው፣ ጆንያዋን ቦዩ ጠርዝ ያስደገፈችው፣ «ምን አጠፋሁ?» ብላ የጠየቀችው። በቀበረው ሬሳ ልክ የሚከፈለው ሰው ሰፈር ውስጥ ሳል የጀመረውን ሁሉ በጉጉት ነው የሚያየው።

ነገሩ የከንቲባው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ኪሱ ነው። ትምህርትና ጤናው ከክልል በሚመጣ በጀት ሲንቀሳቀስ፣ ማዘጋጃ ቤት ግን የራሱን አገልግሎት የሚያካሂደው በአብዛኛው ከራሱ ገቢ ነው፤ ከሊዝ፣ ከቦታና ከቤት ኪራይ፣ ከመናኸሪያ፣ ከቄራ፣ ከገበያ ቦታ። ትንሽ ከተማ ላይ ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ ጠብ የሚል ነገር የለውም። መሬት ከተሸጠ ተሸጠ፣ ካልተሸጠ ዘበኛውም ደመወዝ ይዘገይበታል። በዚህ መሀል ቅጣት እንደ ሎሚ ታየች፤ በጨመቋት ቁጥር ጠብ ትላለች። አንድ ጊዜ ቅጣት «ገቢ» ተብሎ በጀት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ደንብ የሚባል ነገር የለም። ያለው ግብር ነው፣ ያውም ከድሃ ብቻ የሚሰበሰብ፣ ያለ ግምት፣ ያለ ይግባኝ።

አሁን ያሉት ዘጠኝ ደንብ አስከባሪዎች እንዴት እንደሚሠሩ ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽንኩርት ተራው ጫፍ ነበርኩ። «ደንብ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ የቻለ ሸራውን ጠቅልሎ ሮጠ። አንዲት ቲማቲምና ቃሪያ የምትቸረችር ሴት ልጅ አዝላ ስለነበር አልደረሰችም። ሁለት ልጆች መጡባት። አንዱ ሚዛኑን፣ ያን ሁለት ሳህን ያለውን፣ አንዱ ሳህኑ እንደተንጠለጠለ አነሳው። የአንድ ኪሎው ብረት ከሳህኑ ላይ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ሴትዮዋ ብረቱን አንስታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

«አንተ ልጅ፣ እናትህ እኮ ዱቤ የምትወስደው ከእኔ ነው» አለችው።

ቀና ብሎ አላያትም። «እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው» አለ።

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ለሚዛኑ ሞዴል 19 ተቆርጦለት እንደሆነ ጠየቅሁ። አንባቢ እንደሚያውቀው ንብረት መንግሥት ቤት ሲገባ የሚቆረጥለት ደረሰኝ ይህ ነው። ንብረት ክፍሉ ሳቀብኝ። «ለጉልት ሚዛን ሞዴል 19?» አለ። ጓሮውን በመስኮት አየሁት፤ የጃንጥላ ክምር፣ የሸራ ክምር፣ የበሰበሰ ሙዝ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጋሪ። ደረሰኝ የሌለው ውርስ በሌላ አገር ስም አለው፤ እኛ ግን «ሥርዓት ማስያዝ» እንለዋለን።

ሴቶቹ ለምን መንገድ ዳር ይቸረችራሉ የሚል ካለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሰጣቸውን የገበያ ቦታ ሄዶ ይይ። ከወንዙ ማዶ ነው። በክረምት ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ጥላ የለው፣ ውኃ የለው፣ መጸዳጃ የለው። ገዢ የማይደርስበት ገበያ ሰጥቶ ገዢ ያለበት ቦታ ላይ መቅጣት ምን ይባላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ዜጋ በመረጠው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ መሰማራትና መተዳደሪያውን መምረጥ ይችላል ይላል። ቲማቲም መሸጥ የተመረጠ እንኳ አይደለም፤ የተረፈ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት ልምጣ። ደንብ አስከባሪዎቻችን ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ነው የሚሠሩት። ዓሣ ቤቱ ጎን ያለው ሆቴል ግን የፍሳሽ ጉድጓዱን ቦዩ ውስጥ የሚለቀው ሌሊት ነው፤ ያውም ዝናብ ጠብቆ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ በማስተር ፕላኑ አረንጓዴ በተቀባው መሬት ላይ፣ አራት ቤት የበቀለው በፋሲካ ሁለት ሌሊት ነው። የጨረቃ ቤት እኮ ሰዓቱ ስሙ ላይ ተጽፏል! 18 ሰው ሲጨመር የሌሊት ፈረቃ ይኖር እንደሆነ ምክር ቤቱ ውስጥ የጠየቀ አልነበረም። አይኖርማ። ሌሊት ቲማቲም የለም። የጨረቃ ቤት ሠሪ ደግሞ 500 ብር ከፍሎ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ ጠበቃ አለው፣ የሚደውልለት አለው፣ አንዳንዴም ምክር ቤቱ ውስጥ ወንበር አለው።

ይህን ለማስቆም የሚያስፈልገው ፕላን የሚያነብ ዓይን ነው። የማዘጋጃ ቤታችን የመሐንዲስ መደብ ሁለት ዓመት ክፍት ነው። ሳኒታሪያን፣ ማለትም የፍሳሽና የንጽሕና ባለሙያ፣ ከነጭራሹ የለም። ለጀማሪ ባለዲግሪ አሁን የሚከፈለው 11,500 ብር ነው። ሁለቱን ብንቀጥር በወር 23,000። ዱላ ላነገቡት 108,000 እናወጣለን፤ ፕላንና ፍሳሽ ለሚያውቁት ግን «በጀት የለም»። ለምን? እነሱ ደመወዛቸውን ራሳቸው አይሸፍኑማ።

የቅጥሩ ደጋፊዎች ከሚያነሱት ሁሉ የገረመኝ «ለ18 ወጣት የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው በእርግጥ አስቦበት ነው? አንዱን ልጅ ቀጥሮ እናቱን ከሥራ ማስወጣት የሥራ ዕድል ከተባለ፣ ሚሊሻ ቀጥረን የገበሬ በሬ ብናስነዳም የሥራ ዕድል ነው። እናቲቱ በጉልት ያሳደገችውን ልጅ ዩኒፎርም አልብሰን ወደ ጉልቷ መላክ! ወጣቱ ሥራ ካስፈለገው ከወንዙ ማዶ ያለውን ገበያ ድንጋይ ያንጥፍ፣ ቦይ ይጥረግ፣ ሼድ ያቁም። እሱ ሥራ ነው፤ ሲያልቅም የሚታይ ነገር ይቀራል።

«አዲስ አበባስ ደንብ ማስከበር ባለሥልጣን አቋቁማ እስከ ወረዳ ድረስ አሠማርታ የለም ወይ?» የሚለውም አለ። አዲስ አበባ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ናት። እዚያ ደንብ አስከባሪው የሚያባርረውን ሰው አያውቀውም፤ እዚህ ያውቀዋል፣ ችግሩም ይኸው ነው። በእኛ ከተማ ማን የማን የወንድም ልጅ እንደሆነ ሳይታወቅ አይታለፍም። ስለዚህ ቅጣቱ ዘመድ ያለውን እየዘለለ ከገጠር ለገበያ የመጣችውን፣ ማንም የማይጠይቅላትን ይይዛል። የቅጥር ማስታወቂያው ሦስት ቀን ብቻ ነው የተለጠፈው፤ ያውም ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ። እነማን እንደሚቀጠሩ እኔም እናንተም እናውቃለን።

አንድ ነገር እሰጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አስፋልቱ በባጃጅና በሸራ ታፍኖ አምቡላንስ እንኳ እንደማያልፍ አይቻለሁ፤ ይህ ዝም የሚባል አይደለም። ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ሰው፣ አንድ ጆንያ ኖራና ረጅም ገመድ ነው። ጠዋት መስመሩን አስምሩላቸው። ሴቶቹ መስመር ማክበር ያውቃሉ፤ በወረፋ ያደጉ ናቸው።

ሕጉንም ካነሳን፣ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ሦስተኛውን ክፍል ለደንብ መተላለፍ ሰጥቶታል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 79 ላይ የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ ነው ይላል። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ የአንድ ሳምንት ሥልጠና የወሰደ ልጅ መንገድ ላይ ከሳሽም፣ መስካሪም፣ ፈራጅም፣ ገንዘብ ተቀባይም የሚሆንበትን ገጽ ግን እኔ አላገኘሁትም። ያገኘ ካለ ያሳየኝ።

የሚመጣው ደግሞ ይብሳል። በ2017 የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል የተጠቀመ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ይላል። አዋጁን አልቃወምም፤ ቦያችንን የደፈነው ፌስታል ነው። ነገር ግን በቅጣት ለሚኖር ደንብ አስከባሪ አንድ ፌስታል ቢያንስ አራት ጉልት ነው። ሆቴል ቤት ገብቶ ፌስታል የሚፈትሽ ይመስላችኋል? ገበያ መግቢያው ላይ ቆሞ ግማሽ ኪሎ ስኳር የቋጠረችውን አሮጊት ነው የሚጠብቃት።

ከንቲባው ይህን ካነበቡ «እኔ እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ሊሉ ይችላሉ። እንግዲያው ቀላል መንገድ አለ። የቅጣቱ ገንዘብ ሁሉ በደረሰኝ ተሰብስቦ ማዘጋጃ ቤቱ በማይነካው ሒሳብ ይግባ፤ የ18ቱ ደመወዝም እንደማንኛውም ሠራተኛ በበጀት ይያዝ። ያኔ ስንቱን መቅጠር እንደሚፈልጉ እናያለን። እኔ ሁለት ይበቃል የሚሉ ይመስለኛል።

ሚዛኑ እስካሁን ጓሮው ውስጥ ነው፣ ብረቱ ሴትዮዋ ጋ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ያ ድምፁን ዝቅ ያደረገው የምክር ቤት አባል እንደገና እንዲነሳልን እለምነዋለሁ፤ ድምፁን ትንሽ ከፍ ቢያደርገው ደግሞ ደስ ይለኛል። በዘንድሮው በጀት ላይ «ከቅጣት የሚሰበሰብ» በሚለው ረድፍ ስንት ብር ነው የተጻፈው?