የጸደቀው ይቆጠር

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን ሪፖርት ያገላበጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ ይህን ያህል የውሃ ፓምፕ ተመረቀ። ከዚያ ባነር ይዞ የተነሱት ፎቶ። ሠልጣኙ ከወር በኋላ ምን እንዳስታወሰ፣ ፓምፑ ዛሬ ውሃ ያውጣ አያውጣ የሚናገር ገጽ ግን የለም።

የሚገርመው መላው ድሮ የተገኘ መሆኑ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ የጀመረችው የግሪን ቤልት የዛፍ ተከላ ንቅናቄ ለገጠር ሴቶች ትንሽ ገንዘብ ይከፍል ነበር። የሚከፍለው ግን ለጸደቀ ችግኝ ነው። ለተከላ ብቻ የሚከፈለው ሰው ጉድጓዱን ሞልቶ ይሄዳል። ለጸደቀው የሚከፈለው ግን ውሃ ያጠጣል፣ ያጥራል፣ ከብት ሲመጣ ያባርራል።

ባንግላዴሽ ውስጥ ደግሞ ብራክ የተባለው ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የሚያድን ውህድ ለእናቶች አስተማሩ። በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ እፍኝ ያልተጣራ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ፤ በቃ። አስተማሪዋ አስተምራ ከሄደች ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ይመጣና ከእናቶቹ ጥቂቶቹን መርጦ ይጠይቃል፣ ውህዱንም ያሠራቸዋል፤ የአስተማሪዋ ክፍያ የሚሰላው እንግዲህ እናቶቹ ባስታወሱት ልክ ነው። በዚህ ዓይነት በ10 ዓመት ውስጥ 12 ሚሊዮን ገደማ ቤት አዳረሱ። አዳራሽ የለ፣ የሻይ ዕረፍት የለ።

ታዲያ ዛሬ ለምን እንዲህ አይሠራም? ድርጅቶቹን ብቻ መውቀስ ይቀላል። ግን ለጋሹም አለበት፦ ገንዘቡን ለሁለት ዓመት ይሰጥና በየሦስት ወሩ ቁጥር ይጠይቃል። ችግኝ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጽደቁ የሚታወቀው ግን ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ሲል ወይም ከተዘጋ በኋላ ነው። ዘላቂ ልማት በሁለት ዓመት ፕሮጀክት! ስሙና ግብሩ ገና ከጅምሩ አልተገናኙም።

ፓምፑም ያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ውስጡ ያለች አንዲት ያለቀች የጎማ ማጥበቂያ ናት። ጎማዋን ማን ይግዛ፣ ገንዘቡ ማን ጋ ይቀመጥ፣ የአካባቢው አስተዳደር እምቢ ሲል ማን ደጁን ያንኳኳ? ለእኔ የሲቪል ማኅበረሰብ ሥራ እዚህ ጋ ነው፤ ቁፋሮውንማ ኮንትራክተርም ይቆፍረዋል።

እኔን ቢጠይቁኝ የመጨረሻውን ክፍያ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ከሁለት ዓመት በኋላ አደርገው ነበር፤ ያውም ሰው ሄዶ የፓምፑን እጀታ ራሱ ገፍቶ ካየ በኋላ። ትንንሽ ድርጅቶች ይህን ያህል መጠበቅ አይችሉም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ አይችሉም። ከትልልቆቹ ይጀመራ።