የአፈር ሒሳብ በሁለት አገር

ከምኖርባት ከኔዘርላንዷ ዋገኒንገን ወጣ ብሎ ላም የሚያረባ አንድ ጎረቤት አለኝ። ባለፈው መጋቢት ቡና ሊያጠጣኝ ቤቱ ሲጠራኝ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ አገኘሁት። ወቅቱ ፍግ ወደ ማሳ የሚወጣበት ነበርና ላሞቹ የበሉት መኖ ምን ያህል ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እንደያዘ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በወተት እንደወጣ፣ ስንቱ በፍግ እንደቀረ፣ የቀረውም በየትኛው ማሳ ላይ እንደሚያርፍ አንድ በአንድ እያስገባ ነበር። የወተት ላም አርቢዎች ክሪንግሎፕዋይዘር በሚባል ፕሮግራም በየዓመቱ ይህን ሒሳብ ይዘጋሉ። ሰውየው ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋና ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ገበሬ ነው፤ ሆኖም ስለ አንድ ማሳ ስጠይቀው ከአምስት ዓመት በፊት የተመረመረውን የአፈር ውጤት ወዲያውኑ ከፍቶ አሳየኝ።

ይህ ጥንቃቄ ከችግር የመጣ ነው፤ ችግሩ ግን የእኛ ተቃራኒ ነው። የኔዘርላንድ መሬት የታመመው በመጥገብ ነው። ከፍግና ከማዳበሪያ የተረፈው ናይትሬት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ስለሚሰርግ የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1991 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ ለብክለት በተጋለጡ አካባቢዎች በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት የሚበተነው የፍግ ናይትሮጅን ከ170 ኪሎ እንዳይበልጥ ወሰነ። ኔዘርላንድም በ1998 ሚናስ የተባለ የንጥረ ነገር ገቢና ወጪ መዝገብ በገበሬዎቿ ላይ ደነገገች፤ እርሱ በ2006 በሌላ ሥርዓት ቢተካም የመመዝገብ ልማዱ ግን አልጠፋም። በ2019 የናይትሮጅን ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ገበሬዎች በትራክተር ወደ ሄግ ሲተሙ ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በተመዘገበ ቁጥር ላይ ነበር።

አሁን ወደ አዊ ደጋ፣ ወደ እናቴ ወንድም ቤት ልለፍ። አጎቴ አራት ከብቶች አሉት፤ ፍጋቸው ግን ማሳ አይደርስም። ባለቤቱ በእጇ ጠፍጥፋ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ሲደርቅ ኩበት ይሆናል፣ እንጀራውም በእርሱ ይጋገራል። የዚያ ኩበት ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በአመድ ይቀራል፤ አመዱም ጓሮ ይደፋል። ስቶርፎጌልና ስማሊንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጠያቂነት በ1990 ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያ እርሻ መሬት በየዓመቱ በሄክታር ከ40 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን እንደሚያጣ ገምተዋል። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚይዘው ናይትሮጅን 46 ኪሎ መሆኑን ላሰበ ሰው፣ ይህ በየዓመቱ ከእያንዳንዱ ሄክታር አንድ ኩንታል ዩሪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሀብት ሲወጣ ማለት ነው። አክስቴን ኩበት ለምን ታነዳለች ብዬ አልወቅስም። ሌላ ማገዶ የላትም።

ዕፅዋት ምን ይመገባሉ የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል። ጀርመናዊው ካርል ሽፕሬንግል በ1828፣ ከእርሱም በኋላ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840 እንዳስረዱት አዝመራው ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ የሚያድገው በጎደለበት ንጥረ ነገር ልክ ነው። እኛ አገር ግን ለረጅም ዘመን ዋልካውም ሆነ ቀዩ አፈር፣ ጤፉም ሆነ ስንዴው ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ታዘዘለት። የአጎቴ መሬት ደግሞ ኮምጣጣ አፈር ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ዳፑ የያዘውን ፎስፎረስ አሉሚኒየምና ብረት አጥብቀው ስለሚይዙት ለሥሩ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ማዳበሪያው እንዲሠራ መጀመሪያ መሬቱ ኖራ ያስፈልገዋል። ማዳበሪያው አልመለስ ያላቸው የአካባቢው ገበሬዎች እህሉን ትተው ዲከረንስ ተክለዋል፤ ዛፉንም ለከሰል ይሸጡታል። በእኔ ግምት ይህ የስንፍና ሳይሆን የስሌት ውሳኔ ነው፤ የጎደላቸው ሌላውን መንገድ የሚያሳያቸው ቁጥር ነበር።

ያ ቁጥር ጨርሶ አልተፈለገም አልልም። ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር መረጃ ፕሮጀክት በ2012 ተጀምሮ የአገሪቱ አፈር ድኝ፣ ዚንክና ቦሮንም እንደሚጎድለው አሳይቷል፤ ዳፕ ድኝ ባለው ኤንፒኤስ የተተካውም ከዚህ የተነሣ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ የደከሙትን ባለሙያዎች ከልቤ አከብራለሁ። ትዝብቴ ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው።

አገር ቤት በገባሁ ጊዜ ከዓመታት በፊት ከአጎቴ ማሳ የተወሰደው አፈር ምን ውጤት እንዳስገኘ ልጠይቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት ባለሙያ ትሑትና ፈቃደኛ ነበር። በክፍሉ ያለውን ብቸኛ ኮምፒውተር ከፍቶ የኤክሴል ፋይሉን አወጣ፤ የቀበሌዎቹ ስም በተጻፈበት ረድፍ ላይ ግን የሚታየው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅልቅ ነበር። ጽሑፉ የገባው ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በጋራ ከሚለዩበት ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የፊደል ዓይነት ነው፤ ያ ፊደል ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲጸዳ አብሮ ጠፍቷል። ፎስፎረሱ፣ አሲዳማነቱ፣ ካርቦኑ ሁሉም በየሳጥኑ ተቀምጧል፤ የማን መሬት እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ወጣቱ ፊደሉን ከጓደኛው ፍላሽ ሊጭን ሲሞክር መብራት ጠፋ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛን በኮምፒውተር ለመጻፍ ያስቻሉን ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ነገር ግን ይህን ያህል ዓመት ቆይተን መዝገባችንን በአሮጌው መንገድ ማስቀመጣችን ዋጋ እያስከፈለን ነው። ስሙ ቢነበብም እንኳ ሌላ ችግር አለ። አንዱ ጸሐፊ «ሥላሴ»፣ ሌላው «ስላሴ»፣ ሦስተኛው «ሥላሤ» ብሎ የጻፈውን አንድ ቀበሌ ኮምፒውተር ሦስት ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሞክሼ ፊደላት ለአንባቢ ምንም አይደሉም፤ ለስሌት ግን የአንዱን ቀበሌ አፈር ከአዝመራው ይለያዩታል።

ዛሬ የዕፅዋት አመጋገብ ጥናት ከመረጃ እየተማሩ ራሳቸውን በሚያርሙ ፕሮግራሞችም ስለሚታገዝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሠረቱ ግን የግድ ውስብስብ መሣሪያ አይሻም። የዋገኒንገን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990 ያሳተሙት ኩዌፍትስ የተባለው ስሌት የአፈሩን ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም አንድ ላይ አገናዝቦ ምርቱን የሚገምት ሲሆን በማንኛውም የግል ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የተቀመረውም ከጎረቤታችን ከኬንያ የበቆሎ ማሳዎች ጭምር በተገኘ መረጃ ነው። እንዲህ ያለ ስሌት ለሌላ አካባቢ የሚስማማው ግን የገመተው ከታጨደው ጋር ሲተያይ ነው። ጎረቤቴ ጋ ያየሁት ይኸው ነው፤ መኸር ሲገባ የተገኘው ምርት ተመልሶ ይጻፋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሰጠው ምክርም በዚያ ይስተካከላል። እኛ ዘንድ ምክሩ ወደ ገበሬው ይወርዳል፤ 8028 የሚባለው ነፃ የስልክ መስመርም በዚህ ረገድ ብዙ ጠቅሟል። አጎቴ ከአንድ ጥማድ ስንት እንዳገባ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። እዚህ ለዶክትሬት የሚማር ሰው መረጃውን የት እንደሚያስቀምጥና ለማን እንደሚያስረክብ ገና ሲጀምር በጽሑፍ ያቅዳል። በእኛ አገር ስንት የማዳበሪያ ሙከራ በተመራማሪው የግል ላፕቶፕ ውስጥ ኖሮ፣ ላፕቶፑ ሲሰረቅ ወይም ሰውየው ጡረታ ሲወጣ አብሮ ጠፍቷል! በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ተባብረው የቆዩ የሙከራ ውጤቶችን ከየመሳቢያው ማሰባሰብ መጀመራቸውን ስሰማ እጅግ ደስ ያለኝ ስለዚህ ነው።

እኔም ከአሥረኛ ክፍሏ የአጎቴ ልጅ ጋር ተስማምቼ አንድ ነገር ጀመርኩ። እርሷ በደብተሯ ስድስቱን ማሳዎች በስማቸው ጻፈች፤ የተዘራውን፣ የፈሰሰውን ማዳበሪያ፣ የታጨደውን በኩንታል ትመዘግባለች፣ ገጹንም በስልክ አንስታ ትልክልኛለች፤ እኔ ደግሞ በዩኒኮድ፣ የማሳውን ስም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል አድርጌ አስገባዋለሁ። የሁለት ዓመት መኸር ሞልተናል። አጎቴ በሁለቱም ዓመት ኖራ ጠይቆ ስላልመጣለት፣ ልጅቱ «ኖራ» ብላ ባሰመረችው ረድፍ ላይ በስድስቱም ማሳ ትይዩ እስካሁን የጻፈችው ዜሮ ነው።