ዋሻ ሚካኤልን ለማጽዳት አካፋ ይዘን አንውጣ

ፒያሳ ላይ አንድ አሮጌ ቤት በፈረሰ ቁጥር ስለ ቅርስ እንከራከራለን። መከራከራችን ተገቢ ነው። የሚቆጨኝ ክርክራችን ሁሉ ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ መሆኑ ነው። ምኒልክና ጣይቱ ከተማዋን ከመቆርቆራቸው በፊት እዚህ ሰው ያልኖረ ይመስላል።

ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ ሂዱና የካ ተራራን ሽቅብ ውጡ። ባሕር ዛፉ መሐል ዋሻ ሚካኤልን ታገኛላችሁ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አዲስ አበባን በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣታል። ጣሪያው ተደርምሷል። ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል። እርጥበት ስለማያጣው ግድግዳው አረንጓዴ ለብሷል።

ስሙ ዋሻ ቢሆንም ተፈጥሮ የሠራው አይደለም። ጠራቢዎቹ መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው አለቱን ከተራራው ለዩት። ከዚያ በርና መስኮት አወጡለት፤ ውስጡን እየፈለፈሉ ምሰሶዎቹን አስቀሩ። በግንባታ ድንጋይ ቢበላሽ ሌላ ይተካል። እዚህ ግን አንድ ምሰሶ በስህተት ከተቆረጠ በቃ፣ ተቆረጠ ነው። የላሊበላ ጥበብ ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዳዲ ማርያምም በዚሁ ዘዴ ነው የተሠራችው። እሷ ዛሬም ይቀደስባታል። ልዩነቱ ያሳዝናል።

ዕድሜው ስንት ነው? በአፈ ታሪክ የአብርሃ ወአጽብሐ ሥራ ነው፤ ይኼ ወደ 4ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። አሠራሩን ከሌሎች ውቅር፣ ማለትም ከአለት የተፈለፈሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ደግሞ ከ12ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ያደርጉታል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ግን ቁርጡን መናገር ከባድ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሕንፃ የሚሠራው ድንጋይ እየተቀነሰ እንጂ እየተጨመረ አይደለም። ምሰሶው ተራራው ራሱ ነው፤ ዕድሜው የእሳተ ገሞራው ዕድሜ ነው። ሰው የጨመረበት እንጨት ወይም ጭድ ያለበት ጭቃ ከሌለ፣ የእንጨትና የአጥንት ዓይነት ቅሪትን ዕድሜ በሚያወጣው የካርቦን ዘዴ የሚለካ ነገር አይገኝም።

ማስረጃ ከተገኘ የሚገኘው አፈሩ ውስጥ ነው። ወለሉ ላይና ቦዩ ውስጥ ባለፉት ዘመናት ደለል ተከምሯል። እዚያ ከሰል፣ የሸክላ ስባሪ፣ አጥንት ሊኖር ይችላል። ዋጋ የሚኖረው ደግሞ በየትኛው ንብርብር እንደተገኘ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዘው ጭቃውን ጠርገው ቢያወጡት፣ ፎቶው ያምራል፤ ታሪኩ ግን ከጭቃው ጋር ተጥሏል። ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ የለም፤ በፍቅር ስለሚደረግ ማንም አይከለክለውም። ሕጉ ግን ይከለክላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርም መጠገንም አይፈቅድም።

«ታዲያ ጣሪያ እናልብሰው» የሚሉ አሉ። ልባቸው ቀና ነው። ላሊበላ ላይ በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት መጠለያዎች ዝናቡን ቢከልሉም፣ ክብደታቸውና መሠረታቸው አለቱን ይጎዳዋል የሚል ሥጋት እስከ ዛሬ አልበረደም። በሲሚንቶ መለሰንማ ከነጭራሹ አልስማማም። በእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ አለት ለመሮ ይለሰልሳል፤ ውሃም ይጠጣል። በሲሚንቶ ሲታፈን እርጥበቱ መውጫ ያጣና አለቱን ከውስጥ ይበላዋል።

መጀመሪያ መገታት ያለበት ውሃው ነው። የላሊበላ ጠራቢዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ግቢውን አዘቅዝቀው ፍሳሹን በቦይ አስወጥተዋል። የካ ላይም ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ፣ ሽቅቡ ላይ፣ ጎርፉን ወደ ጎን የሚያዞር ቦይ ቢቀደድ ብዙ ይረዳል። አርኪዮሎጂስት ቆሞ ያሳይ፣ ከዚያ ይቆፈር። ስንጥቅ ውስጥ ሥር የሰደዱት ዛፎችም ከላይ ይቆረጡ እንጂ ተጎትተው አይነቀሉ፤ ሥሩ ሲወጣ አለቱን ይዞ ይወጣል።

ለዚህ የውጭ እርዳታ መጠበቅ አያስፈልግም። መሐል ከተማው ላይ መንገድና ፋውንቴን እየሠራን ነው፤ ለአንድ ቦይ የሚሆን ገንዘብ አይጠፋም። አርኪዮሎጂ የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ስድስት ኪሎ ነው። በጋው ሳያልፍ ተማሪዎቹ ወጥተው ግድግዳውን ይለኩ፣ እያንዳንዱን ምሰሶ በፎቶ ይመዝግቡ። ደለሉ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።