ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የዳክ ቁጥር ያበሳጫል

ዳክ ማለት ዲጂታል ሙዚቃን ወደ ስፒከርና ሄድፎን የኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይር ዕቃ ነው። እስቲ 32 ቢት (የእያንዳንዱ የድምፅ ናሙና ዝርዝርነት)፣ 768 ኪሎኸርዝ (በሴኮንድ ስንት ሺህ ናሙና እንዳለ) ለየትኛው ጆሮ ነው? ሲዲ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ነው፤ የሰው ጆሮ የሚሰማውን እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ይሸፍናል። እጅግ ጥሩ የሚባለው ዳክ እንኳ በተግባር 32 ቢት አይደርስም፤ የታችኞቹን ቢቶች የራሱ የዕቃው ሹክሹክታ ይውጣቸዋል። ታዲያ ሰው ለዚህ ቁጥር እጥፍ የሚከፍለው ለምንድን ነው?

ሁለት ዳክ አፈራርቀው ሰምተው «ይሄኛው ይበልጣል» የሚሉትም ያናድዳሉ። አንዱ 2 ቮልት፣ ሌላው 2.5 ቮልት ካወጣ ሁለተኛው 2 ዴሲቤል ገደማ ይጎላል፤ ጆሮ ደግሞ ጎላ ያለውን «ጥርት ያለ» ብሎ ይቀበለዋል። የ400 ኸርዝ ድምፅ አጫውቶ የሁለቱንም ቮልት በመልቲሜትር እኩል ማድረግ እኮ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው! (ከ400 ኸርዝ በላይ በቀጠነ ድምፅ ርካሽ መልቲሜትር ሊሳሳት ይችላል።)

ዋናው ጣጣ ግን አይነሳም። ዳኩ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ከስፒከሩ የሚወጣው እዝዝታ ብዙ ጊዜ የግራውንድ ሉፕ ነው፤ ኮምፒውተሩና አምፕሊፋየሩ በኤርዝ ሽቦም በሲግናል ገመድም ስለሚገናኙ ቀለበት ይፈጠራል። ውድ ቺፕ ይህን አያጠፋውም። ኦፕቲካል ገመድ የሚያስተላልፈው ብርሃን ብቻ ስለሆነ ቀለበቱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ኦፕቲካል መግቢያ ያለው ርካሽ ዳክ፣ ከሌለው ውድ ዳክ ይልቅ ችግር ይፈታል።

ሄድፎን የሚሰካበት ከሆነ ደግሞ የውፅዓት ኢምፒዳንሱን (የዳኩ መውጫ ራሱ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካ) ፈልጉ፤ ለ32 ኦም ሄድፎን ከ4 ኦም ባይበልጥ ይመረጣል። ይህን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ 768ቱ ግን በትልቁ ተጽፏል!