ይድረስ ከቴሌቪዥን ጋር ለሚጣላው ወንድሜ

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ካንተ ጩኸት በስተቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤውን የምጽፍልህ ከትናንት ማታው የድራማችን ክፍል አንድም ቃል ስላልሰማሁ ነው። አማትየዋ ገና በሩን ስትከፍት «መጣች ይቺ እባብ!» አልክ። ስታወራ አብረሃት አወራህ። ዝም ስትል ግን አንተ ዝም አላልክም። ያቺ ዝምታ ደግሞ የክፍሉ ምርጥ ትወና ነበረች። ብርጭቆውን አነሳች፣ ልትጠጣ አለችና መልሳ አስቀመጠችው። አንድ ጣቷ ብቻ ጠርዙ ላይ ቀረ። መዋሸቷን የነገረን ያ ጣት ነው። አንተ በዚያች ቅጽበት ትራስ እየወረወርክ ነበር።

ትራሱንስ ተወው። የገረመኝ አማትየዋን የምትጫወተው ተዋናይት ገጽ ላይ ገብተህ የጻፍከው ነው። «የሰው ትዳር አፍርሰሽ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

ይወስዳታል ወንድሜ። የደከማት ሰው ናት። ትዳሩን ያፈረሰው ደራሲው ነው፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ «አልሆነም፣ እንደገና!» እያለ ደጋግሞ አስፈርሷታል። ድራማ እንደምናየው በተራ እኮ አይቀረጽም። ጠዋት ሞታ ከሰዓት የምትሞሸር ተዋናይት ሞልታለች።

ለነገሩ አመሉ ያንተ ብቻ አይደለም። «ብሬኪንግ ባድ» በተባለው የአሜሪካ ድራማ ላይ ዋና ገጸ ባሕርይው ዋልተር ዋይት አደገኛ ዕፅ ያበስላል፣ ሰው ይገድላል። ብዙ ተመልካች ግን ጥርሱን የነከሰው ሚስቱ ስካይለር ላይ ነበር። ምን አደረገች? ባሏን «የት አመሸህ?» አለችው። በነሐሴ 2013 (እንደ ፈረንጆቹ) ተዋናይዋ አና ጋን ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጻፈች፦ ጥላቻው ከገጸ ባሕርይዋ አልፎ ወደ እሷ ተሻግሯል፤ የት እንደምትገኝ ንገሩኝና ልግደላት ያለም ነበር። በወሩ በዚያው ሚና ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸለመች። እንግዲህ ስድቡም ሽልማቱም ለአንድ ሥራ ነው። አንተም ሳታውቀው ዳኛ ሆነሃል ማለት ነው፤ አማትየዋን በሰደብካት ቁጥር ነጥብ እየሰጠሃት ነው።

የኛው ዋና ገጸ ባሕርይስ? ሰው ሲገድል «አንበሳ!» ትለዋለህ። የሚያምር ጃኬት ስለለበሰ ይሆን?

ደግሞ ያቺ ምስኪኗን ልጅ የምትጫወተው ተዋናይት ሌላ ድራማ ላይ ሌባ ሆና ስትመጣ «ይቺን ልጅ ማን አበላሻት?» ብለህ ከልብህ አዘንክ። እራትህን እንኳ በቅጡ አልበላህም።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። አንድ ተዋናይ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ አይቼ፣ ጉልበቴን ባማከርኩት ብዬ ተመኝቻለሁ።

መጣላት ካማረህ ስለ ትወናው እንጣላ። ምስኪኗ ለምን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ታለቅሳለች? ባልየውስ ካልጮኸ የተናደደ አይመስለውም እንዴ? እዚህ ላይ እስኪነጋ አብሬህ እጮኻለሁ።

ዛሬ ማታ አማትየዋ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው አሉ። እንግዲህ ቻለው። ትራሶቹን ግን ደብቄያቸዋለሁ፤ ሪሞቱንም።

አክባሪህ፣
ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው